ሁሉም ተስማምተው ቢሳሳቱስ? የሞንጎዲቢ የፍተሻ ጥናት ከቦንጋ ሲነበብ

ባንክ ቤት ወረፋ ይዛችሁ «ሲስተም የለም» ተብላችሁ የማታውቁ ካላችሁ እጃችሁን አውጡ። አባባሉን ለምደነዋል። እንደ ዝናብና እንደ ጉም ከላይ የሚመጣ ነገር አድርገን ነው የምንቀበለው። ሲስተም ግን የአየር ጠባይ አይደለም፤ ሰው የጻፈው፣ ሰው ሊመረምረው የሚችል ነገር ነው። ቁም ነገሩ «እንዴት ይመረመር?» የሚለው ነው። ዛሬ የምንገመግመው ጽሑፍ ለዚህ ጥያቄ ከተሰጡ መልሶች ውስጥ በሐቀኝነቱ ደስ ከሚያሰኙት አንዱ ነው።

ጽሑፉ «ኤክስትሪም ሞዴሊንግ ኢን ፕራክቲስ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2020 በዳታቤዝ ምርምር ዓለም ትልቅ ስም ባለው በቪኤልዲቢ መድረክ ታትሟል። ጸሐፊዎቹ የሞንጎዲቢ ኩባንያ መሐንዲሶች ናቸው፦ ጄሲ ዴቪስ፣ ማክስ ሂርሽሆርን እና ጁዳ ሽቪመር። ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ብዙ ኮምፒውተሮች ተባብረው የሚሠሩትን ሥራ በሒሳብ ቋንቋ ይጽፉታል፤ ከዚያ ያ ጽሑፍና እውነተኛው ፕሮግራም አንድ ዓይነት ነገር ያደርጉ እንደሆነ ይፈትሻሉ። ሁለት ሙከራ አደረጉ። አንዱ ከሸፈ፣ አንዱ ተሳካ። ሁለቱንም ሳይደብቁ ጻፉት።

የእኔን ፍርድ ከወዲሁ ልንገራችሁ። ጽሑፉ ጥሩ ነው፤ ሶፍትዌር ለሚያስተምርም ለሚጽፍም ይጠቅማል። ግን «ተሳካ» ያሉት ነገር ከቦንጋ ሲታይ አንድ ትልቅ ቀዳዳ አለው። ቀዳዳው ደግሞ የቡና ገበሬውን ሊጎዳ የሚችል ነው። እስቲ አንድ በአንድ እንሂድ።

ስድስት መንገድ፣ አራቱ ስህተት

ዓርብ ሌሊት ለመጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. አጥቢያ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ደንበኞች በሒሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ፤ ተማሪው በሌሊት ኤቲኤም ላይ ተሰለፈ። ባንኩ በኋላ እንደገለጸው በዚያ ጊዜ 490 ሺህ የሚጠጉ ግብይቶች ተካሂደዋል፤ ያላግባብ የወጣው ደግሞ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነው። የሳይበር ጥቃት አይደለም፣ ከሲስተም ማሻሻያ ሥራ ጋር የተያያዘ ችግር ነው ተባለ። ዩኒቨርሲቲዎች «የማይገባችሁን የወሰዳችሁ መልሱ» የሚል ማስታወቂያ አወጡ። ባንኩም አብዛኛው ገንዘብ መመለሱን ገለጸ።

ከዚያ በኋላ ክርክሩ በአብዛኛው ስለ ልጆቹ ሆነ። ሌቦች ናቸው፣ አይደሉም፤ ይታሰሩ፣ ይማሩ። ክርክሩ ተገቢ ነው። ግን አብሮት መነሳት የነበረበት ሌላ ጥያቄ አለ፦ እንዲህ ያለ ማሻሻያ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ምን ዓይነት ፍተሻ ቢደረግ ይያዝ ነበር? በዚህ ላይ ብዙም አልተነጋገርንም።

የባንኩን ኮድ እዚህ አንተነትንም። የዚህ ዓይነት ስህተት ቤተሰብ ምን እንደሚመስል ግን በትንሽ ምሳሌ ማየት ይቻላል። በሒሳባችሁ 1,000 ብር አለ እንበል። እናንተ ቦንጋ ሆናችሁ ከኤቲኤም 600 ብር ታወጣላችሁ። በዚያው ቅጽበት አዲስ አበባ ያለች እህታችሁ በስልክ አፕ ከዚሁ ሒሳብ 600 ብር ትልካለች። እያንዳንዱ ሥራ ሁለት እርምጃ አለው፦ መጀመሪያ «በቂ ገንዘብ አለ ወይ?» ብሎ ማየት፣ ቀጥሎ መቀነስ።

አሁን አራቱ እርምጃዎች በምን ቅደም ተከተል ሊፈጸሙ ይችላሉ? ወረቀት አውጡና ጻፉት። ስድስት መንገድ ታገኛላችሁ። በሁለቱ መንገዶች አንዱ ሰው ጨርሶ ሌላው ይጀምራል፤ ሁለተኛው «በቂ ገንዘብ የለም» ይባላል፤ ሁሉም ደህና። በቀሩት አራት መንገዶች ግን ሁለቱም መጀመሪያ ያያሉ፣ ሁለቱም 1,000 ብር ያገኛሉ፣ ሁለቱም ይወስዳሉ። ከ1,000 ብር ላይ 1,200 ብር ወጣ ማለት ነው።

አስተውሉ፦ ከስድስቱ አራቱ ስህተት ናቸው። ነገር ግን አንድ ሞካሪ ቢሮው ውስጥ ቁጭ ብሎ አንዱን ሥራ ጨርሶ ሌላውን ቢሞክር የሚያየው ሁለቱን ትክክለኛ መንገዶች ብቻ ነው። መቶ ጊዜ ቢሞክር መቶ ጊዜ ያልፋል። «ፈትሸነዋል እኮ!» የሚለው ሰው አልዋሸም፤ የፈተሸው ስህተቱ የሌለበትን ቦታ ነው።

በእርግጥ ባንኮች ይህን ለመከላከል ሒሳቡን የሚቆልፍ ዘዴ አላቸው። አንዱ ሥራ እስኪያልቅ ሌላው ይጠብቃል። ግን ቁልፉ ራሱ ኮድ ነው፤ ማሻሻያ ሲደረግ ሊላላ ይችላል። እርምጃው ሲበዛ ደግሞ ቁጥሩ አይቻልም፦ ሁለት ሥራዎች እያንዳንዳቸው 10 እርምጃ ካላቸው የሚቀላቀሉባቸው መንገዶች 184,756 ናቸው። ማን በእጁ ይሞክረዋል?

ሞዴል ስንል ምን ማለታችን ነው?

እዚህ ላይ ነው ፎርማል ሞዴል የሚመጣው። ሞዴሉ ፕሮግራሙ ራሱ አይደለም። የቤት ፕላን ቤት እንዳልሆነው ሁሉ። በሞዴሉ ውስጥ የሚጻፉት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ሲስተሙ ከምን ይነሳል፣ ከአንድ ሁኔታ ወደ ሌላ በምን እርምጃ ይሄዳል፣ ምንጊዜም የማይጣሰው ሕግ ምንድን ነው። ለምሳሌ «የወጣው ብር ከነበረው አይበልጥም»። ከዚያ ኮምፒውተሩ ራሱ ሊኖሩ የሚችሉትን ቅደም ተከተሎች ሁሉ ይዞራል። ሕጉ የሚጣስበት መንገድ ካገኘ «ይኸው፣ በዚህ በዚህ በኩል ሄደህ ትወድቃለህ» ብሎ እርምጃውን ዘርዝሮ ያሳያል።

ለዚህ ሥራ በጣም ከታወቁት ቋንቋዎች አንዱ ሌስሊ ላምፖርት የፈጠረው ቲኤልኤ ፕላስ ነው። ላምፖርት በተሰራጩ ሲስተሞች ላይ በሠራው ሥራ የ2013ን (እ.ኤ.አ.) የቱሪንግ ሽልማት ያገኘ ሰው ነው። ቋንቋው ለብቻው የዩኒቨርሲቲ ጌጥ ሆኖ አልቀረም። የአማዞን መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጽሑፍ ዳይናሞዲቢ በተባለው ዳታቤዛቸው ውስጥ አንድ ከባድ ስህተት በዚህ መንገድ እንዳገኙ ተናግረዋል። ስህተቱ የሚታይበት አጭሩ መንገድ 35 እርምጃ ነበረው። ሠላሳ አምስት! ይህን በግምት የሚደርስበት ሰው የለም።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? ፕላኑ ትክክል ስለሆነ ቤቱ ትክክል ነው ማለት አይቻልም። ግንበኛው ፕላኑን ቢስትስ? የሞንጎዲቢዎቹ ጽሑፍ የሚነሳው ከዚህ ነው፤ ፕላኑንና ቤቱን እንዴት እናመሳክር?

የከሸፈው ሙከራ

የመጀመሪያው ሙከራ በሞንጎዲቢ ሰርቨር ላይ ነበር። ሰርቨሮቹ መሪ ይመርጣሉ፤ መሪው የጻፈውን ሌሎቹ ይገለብጣሉ። መሐንዲሶቹ ያሰቡት ፕሮግራሙ ሲሠራ የሚያደርገውን ሁሉ በመዝገብ እንዲጽፍ አድርገው፣ የተጻፈውን ዱካ ከሞዴሉ ጋር ሊያስተያዩ ነው። ዱካው በሞዴሉ የተፈቀደ ከሆነ ጥሩ፤ ካልሆነ ከሁለት አንዳቸው ተሳስተዋል።

10 ሳምንት ገደማ ለፍተው ተዉት። ምክንያቱን በግልጽ ይዘረዝራሉ። አንደኛ፣ ብዙ ሥራ ጎን ለጎን የሚሠራን ፕሮግራም «አሁን ባለህበት ቁም፣ ፎቶ ላንሳህ» ማለት ከባድ ነው። ሁለተኛ፣ ሞዴሉ አስቀድሞ የተጻፈው ሐሳቡን ለማጥራት ስለነበር ብዙ ዝርዝር ትቷል። በሞዴሉ ውስጥ ሥልጣን ከአሮጌ መሪ ወደ አዲስ መሪ የሚያልፈው በአንድ እርምጃ ነው። በእውነተኛው ፕሮግራም ግን አዲሱ ተመርጦ አሮጌው ገና ሳይሰማ ለአፍታ ሁለቱም «መሪ ነኝ» ሊሉ ይችላሉ።

ይህ ለምን አደጋ እንደማይሆን ከከፋ ታሪክ አንድ ቁጥር ልዋስ። የከፋ ንጉሥ ሚክረቾ የሚባሉ ሰባት አማካሪዎች ነበሩት። እነሱ በድምፅ ብልጫ ይወስኑ ነበር ማለቴ አይደለም፤ የምፈልገው ሰባት የሚለውን ቁጥር ብቻ ነው። ከሰባት ሰው አራቱ ካልተስማሙ ምንም ውሳኔ አይጸናም እንበል። አራት አራት ሆነው የሚቆሙ ማናቸውም ሁለት ቡድኖች ቢያንስ አንድ የጋራ ሰው ይኖራቸዋል፤ አራትና አራት ስምንት ነዋ፣ ሰዎቹ ግን ሰባት ናቸው። ያ የጋራ ሰው አዲሱን መሪ ከተቀበለ አሮጌውን እምቢ ይላል። ስለዚህ አሮጌው መሪ ዘውዱን ቢደፋም የሚያጸናው ነገር የለም። ሲስተሙ ጤነኛ ነው፤ ዱካው ግን ከሞዴሉ ጋር አይገጥምም። መሐንዲሶቹ የተጠመዱት እንዲህ ባለው ልዩነት ነው።

ብዙ የምርምር ጽሑፍ እንዲህ ያለውን ክፍል ቆርጦ ይጥላል። እነዚህ አልጣሉትም። ትምህርቱም ግልጽ ነው፦ ሞዴሉ ከኮዱ ጋር አብሮ ካልተጻፈ፣ ኋላ ላይ ላጋጥማቸው ማለት ላስቀረው ዝርዝር ሁሉ ዕዳ መክፈል ነው። የጽሑፉ ትልቁ ዋጋ እዚህ ላይ ይመስለኛል። 

17 × 17 × 17

ሁለተኛው ሙከራ በሪልም ሲንክ ላይ ነው። ይህ በስልክ ላይ ያለ መረጃ ኔትወርክ በሌለበት ጊዜም እንዲሠራና ኔትወርክ ሲመጣ ከሌሎቹ ስልኮች ጋር እንዲታረቅ የሚያደርግ ሶፍትዌር ነበር። ነበር ያልኩት ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2024 አገልግሎቱን እንደሚያቆም አስታውቆ በ2025 ስለዘጋው ነው። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ለምን ቦንጋ እንዳልኩ አሁን ይገባችኋል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋ ደንብ ቡናን ይመለከታል። ወደ ኅብረቱ የሚገባ ቡና ከ2020 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ በኋላ ደን ካልተመነጠረበት መሬት መምጣቱ መረጋገጥ አለበት፤ ለዚህም የእያንዳንዱ ማሳ መገኛ ነጥብ ይፈለጋል። ከ4 ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ለሆነው ዙሪያውን መለካት ግድ ነው። የትግበራው ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ተራዝሟል፤ ምዝገባው ግን መሠራት ያለበት ሥራ ነው። ከፋ ደግሞ ቡናው ከጫካው ሥር የሚበቅልበት፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ዩኔስኮ በባዮስፌር ሪዘርቭነት የመዘገበው ምድር ነው። ማሳውና ደኑ የተቃቀፉ ናቸው። ነጥቡ ትንሽ ከተዛነፈ ከማሳ ወጥቶ ጫካ ውስጥ ይገባል።

አንድ የምዝገባ አፕ እናስብ። ሦስት መረጃ ሰብሳቢዎች በጊምቦ ወረዳ ይዞራሉ፤ ኔትወርክ የለም። በሦስቱም ስልክ ላይ ያለው ዝርዝር አንድ ነው፦ 1ኛ የሀ ማሳ፣ 2ኛ የለ ማሳ፣ 3ኛ የሐ ማሳ። አንደኛው ሰው የሀ ማሳ ሁለት ጊዜ መመዝገቡን አይቶ «1ኛውን ሰርዝ» ይላል። ሁለተኛው በዚያው ቀን የለ ነጥብ መዛነፉን አይቶ «2ኛውን በዚህ ነጥብ ተካ» ይላል። ማታ ቦንጋ ከተማ ገብተው ስልኮቹ ይገናኛሉ። የመጀመሪያው ስልክ ላይ የሀ ማሳ ስለተሰረዘ አሁን 2ኛው ሐ ነው። «2ኛውን ተካ» የሚለው ትእዛዝ እንዳለ ከተፈጸመ የለ ነጥብ ሐ ላይ ይለጠፋል። ገበሬው ሐ ምንም ሳያጠፋ ማሳው የሰው ማሳ ላይ ሆነ።

እንዳይሆን የማስታረቂያ ሕግ ያስፈልጋል፦ «ከፊትህ ያለ ከተሰረዘ ቁጥርህን በአንድ ቀንስ»። ሪልም በዝርዝር ላይ የሚሠሩ ስድስት ተግባሮች ነበሩት፦ መተካት፣ ማስገባት፣ ማንቀሳቀስ፣ ማለዋወጥ፣ መሰረዝ፣ ሁሉንም ማጥፋት። ስድስቱ ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲገናኙ፣ እያንዳንዱም ከራሱ ጋር ሲገናኝ 21 ሕግ ይወጣል። ሽማግሌ ሁለት ሰው ሲያስታርቅ እንደሚያደርገው ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ሽማግሌው ፊት አያይም፣ የተጻፈለትን ብቻ ይፈጽማል።

መሐንዲሶቹ ሕጎቹን ሲ ፕላስ ፕላስ ከተባለው ቋንቋ ወደ ቲኤልኤ ፕላስ ገለበጡ። ገና ከመጀመሪያው ማለዋወጥና ማንቀሳቀስ ሲገናኙ ፕሮግራሙን ማለቂያ የሌለው አዙሪት ውስጥ የሚከት ስህተት ብቅ አለ። ማለዋወጥን አወጡትና በቀሩት አምስት ተግባሮች ቀጠሉ።

አሁን አብረን እንቁጠር። ሦስት ነገር ባለበት ዝርዝር ላይ አንድ ሰው ምን ማድረግ ይችላል? ሦስቱን አንዱን መተካት፦ 3። አዲስ ማስገባት፣ ቦታው አራት ነው፦ 4። አንዱን ወደ ሌላ ቦታ ማንቀሳቀስ፦ 6። መሰረዝ፦ 3። ሁሉንም ማጥፋት፦ 1። ድምሩ 17። ሦስት ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ ነገር ቢያደርጉ 17 × 17 × 17 = 4,913። ኮምፒውተሩ እነዚህን 4,913 ሁኔታዎች ከሞዴሉ አውጥቶ፣ ለእያንዳንዱ «ውጤቱ ይህ መሆን አለበት» ብሎ፣ በእውነተኛው ኮድ ላይ የሚሮጥ መፈተሻ ጻፈ።

ውጤቱ ያስደስታል። የማስታረቂያው ኮድ 86 ቅርንጫፎች ነበሩት፤ ማለትም ኮዱ «እንዲህ ከሆነ በዚህ፣ ካልሆነ በዚያ» የሚልባቸው መንገዶች። በሰው እጅ የተጻፉት መፈተሻዎች የነኩት 21 በመቶውን ብቻ ነው። በዘፈቀደ ግብዓት እየፈጠረ ኮዱን የሚደበድብ ፕሮግራም 92 በመቶ ደረሰ። ከሞዴሉ የወጡት 4,913 መፈተሻዎች ግን መቶ በመቶ ነኩ። ሕጎቹ በጎ ቋንቋ እንደገና ሊጻፉ ስለነበር እነዚሁ መፈተሻዎች አዲሱና አሮጌው አንድ ዓይነት መልስ መስጠታቸውን ማመሳከሪያ ሆኑ።

ቀዳዳው

እስካሁን አድናቆት ነው። አሁን ወደ ቅሬታዬ።

ሞዴሉ ከኮዱ ተቀድቷል። አንድ ተማሪ ፈተና ከጓደኛው ቢቀዳ ሁለቱ ወረቀቶች መስማማታቸው መልሱ ትክክል መሆኑን አያሳይም። እውነት ነው፣ ለጸሐፊዎቹ ዓላማ ይህ ይበቃ ነበር፤ የፈለጉት አዲሱ ኮድ ከአሮጌው እንዳይለይ ነውና። ደግሞም ሞዴሉን ከመገልበጥ ያለፈ አንድ ሕግ ፈትሸውበታል፦ ስልኮቹ ሁሉ በመጨረሻ አንድ ዓይነት ዝርዝር መያዝ አለባቸው። ጥሩ ሕግ ነው። ግን ስምምነት እውነት አይደለም።

ሪልም ከሚታወቅባቸው ሕጎች ሁለቱን ውሰዱ። አንዱ «መሰረዝ ሁልጊዜ ያሸንፋል» ነው። ሌላው «መጨረሻ የተጻፈው ያሸንፋል» ነው። ለፎቶ አልበም ወይም ለገበያ ዝርዝር አያስከፉም። ለቡና መዝገብ ግን? አንዱ መረጃ ሰብሳቢ በስህተት የሰረዘውን ገበሬ ሌላው በዚያው ሰዓት ማሳው ድረስ ሄዶ አስተካክሎት ከሆነ፣ ስልኮቹ ሲገናኙ ገበሬው ከዝርዝሩ ይወጣል። ሦስቱም ስልኮች ይስማማሉ። ሞዴሉ አልፏል፣ መፈተሻው አልፏል፣ መቶ በመቶ ተሸፍኗል። ሰውየው ግን የለም።

ሁለተኛውን ሕግ ደግሞ በእኛ አገር ሰዓት እዩት። ስልኩን በሀበሻ አቆጣጠር ያስተካከለ ሰው ሞልቷል፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን ስልኩም ሁለት ይላል። የጎረቤቱ ስልክ ስምንት ይላል። የስድስት ሰዓት ልዩነት ነው። «መጨረሻ የተጻፈው ያሸንፋል» የሚለው ሕግ የስልኩን ሰዓት አምኖ ከፈረደ፣ የመጀመሪያው ሰው ከሰዓት በኋላ ያስተካከለው ነጥብ ጎረቤቱ ጠዋት በጻፈው ስህተት ይሸነፋል። ሁሉም ስልኮች ደግሞ በተሸናፊው ላይ በአንድ ድምፅ ይስማማሉ። ይህን ስምምነትን ብቻ የሚጠይቅ ፍተሻ ሊያየው አይችልም፤ ምክንያቱም የሚጠይቀው ሕግ አልተጣሰም።

ሦስተኛ፣ የሞዴሉ ዓለም በጣም ሰላማዊ ነው። ሦስት ሰው፣ ሦስት ነገር፣ ለእያንዳንዱ አንድ ተግባር። ትንሽ ዓለም መምረጥ በራሱ ነውር አይደለም፤ ብዙ ስህተት በትንሽ ምሳሌ ውስጥ እንደሚታይ የመስኩ ሰዎች በልምድ ያውቃሉ። ነገር ግን አንድ ተግባር ብቻ በሚሠራ ስልክ ላይ የሚከተለው አይታይም፦ ዝርዝሩን እየላከ ባትሪው ያልቃል፣ መብራት ሲመጣ «ደርሶ ይሆን?» ብሎ እንደገና ይልካል፣ አንድ ማሳ ሁለት ጊዜ ይመዘገባል። ለኛ ይህ ልዩ አጋጣሚ አይደለም። የማክሰኞ ሥራ ነው።

ማንኛውም ሞዴል የሚያውቀው የጸሐፊውን ፍርሃት ያህል ነው። ካሊፎርኒያ ወይም ኮፐንሃገን ተቀምጦ የጻፈው ሰው የጊምቦን ፍርሃት ሊጽፍልን አይችልም። ከጽሑፉ የማልስማማበት ቦታም ይኸው ነው፤ «ሞዴሉ ከኮዱ ይገጥማል ወይ?» በሚለው ጥያቄ ተጠምዶ «ሞዴሉ ከተጠቃሚው ሕይወት ይገጥማል ወይ?» የሚለውን አልነካውም።

ኮዱ የሌለን ሰዎችስ?

ጽሑፉ ለእኛ የሚያስቸግርበት ሌላም ጎን አለ። መሐንዲሶቹ ኮዱ በእጃቸው ነው። እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ ተቋሙ ሲስተሙን ገዝቶ ነው የሚያስገባው፤ ውስጡን የሚያየው ሻጩ ነው። ኮዱን ሳናይ ዱካውን ከሞዴል ጋር እንዴት እናስተያይ? እነሱ ኮዱን ይዘው 10 ሳምንት ለፍተው ከተዉት፣ እኛ ምን ተስፋ አለን?

ተስፋ አለ ባይ ነኝ፤ መንገዱ ግን በውጭ በኩል ነው። ካይል ኪንግስበሪ የተባለ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ጄፕሰን በሚባል ሥራው የታወቁ ዳታቤዞችን ሲፈትሽ ኖሯል። ዘዴው ቀላል ነው፦ ሲስተሙ ላይ ብዙ ሆኖ መጻፍና ማንበብ፣ መሐል ላይ ኔትወርኩን መቁረጥ፣ ሰዓቱን ማዛባት፣ ከዚያ የተመለሰው መልስ ሁሉ አብሮ ሊቆም ይችል እንደሆነ መመርመር። በዚህ መንገድ «አስተማማኝ ነኝ» ብለው የሚያስተዋውቁ ብዙ ምርቶች ያልተጠበቀ ስህተት ተገኝቶባቸዋል። ከውጭ የሚታይ መልስ ብቻ ይበቃል። ባንክም፣ የቡና መዝገብም በሙከራ ማሽን ላይ እንዲህ ሊፈተሽ ይችላል። ገዢ ደግሞ ሲገዛ «ይህን ፍተሻ አሳዩኝ» ማለት መብቱ ነው።

ከፍተሻው በፊት ግን ሕጉ ይጻፍ። በእኛ ቋንቋ፣ ሥራውን በሚያውቀው ሰው። «ሁለት ሰው ካልተስማማ ገበሬ ከመዝገብ አይወጣም።» «የአንዱ ነጥብ በሌላው ስም አይገባም።» «ሁለት ጊዜ የተላከ አንድ ጊዜ ይቆጠራል።» «ከነበረው በላይ ብር አይወጣም።» ይህን ለመጻፍ ፕሮግራመር መሆን አያስፈልግም፤ የማህበሩ ሒሳብ ሹም ወይም የልማት ሠራተኛው ይበልጥ ያውቀዋል። ፕሮግራመሩ ኋላ ወደ ሒሳብ ይተረጉመዋል። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ነው መዘዙ የሚመጣው።

አሁን «ይሄ ሁሉ የሀብታም ቅንጦት ነው፣ ጊዜውስ የት አለ?» የሚል ይኖራል። ተቃውሞው ተራ አይደለም፤ ጽሑፉ ራሱ የጠፋውን 10 ሳምንት ነግሮናል። ግን የቲኤልኤ ፕላስ መሣሪያ ነጻ ነው፤ በተራ ላፕቶፕ ላይ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ከላይ ያየነው የ600 ብር ምሳሌ ከአንድ ገጽ ባነሰ ይጻፋል። የሦስት ሰብሳቢና የሦስት ማሳ ሞዴል፣ ከነባትሪ ማለቁና ከነሰዓት መዛነፉ፣ ለአንድ የመመረቂያ ፕሮጀክት የሚመጥን ሥራ ነው፤ በቦንጋ ዩኒቨርሲቲም ይሁን በጅማ። በየዓመቱ ተመሳሳይ የቤተ መጻሕፍት መመዝገቢያ ሲስተም ከሚሠራ ይህ ቢሠራ ተማሪውም ይማራል፣ ማህበሩም ይጠቀማል።

የሪልምን መዘጋት ያነሳሁት ለዚህ ነው። በእሱ ላይ አፕ የሠራ ሁሉ ሌላ ቤት መፈለግ ነበረበት። ምርት ይመጣል፣ ይሄዳል። በራሳችሁ እጅ የተጻፈው ሕግና ከእሱ የወጣው መፈተሻ ግን ወደሚቀጥለው ምርት ይዛችሁት የምትሄዱት ነገር ነው። ሻጩ ቢለወጥም የገበሬው ጥያቄ አይለወጥም።

እንግዲህ ጽሑፉን አግኝታችሁ አንብቡት። ጊዜ ካነሳችሁ ስለ ከሸፈው ሙከራ ከሚያወራው ክፍል ጀምሩ፤ ከተሳካው ይልቅ ብዙ ያስተምራል። የተሳካውን ስታነቡ ደግሞ ከጎኑ ባዶ ወረቀት ይኑራችሁ፤ እያንዳንዱ የማስታረቂያ ሕግ ላይ ስትደርሱ «ይህ ሕግ ሲፈርድ የሚጎዳው ማን ነው?» ብላችሁ ጻፉ። የእኔ ወረቀት ላይ መጀመሪያ የወጣው ስም ገበሬው ሐ ነው። እናንተ ባንክ ወይም ሆስፒታል ወይም የመብራት ክፍያ ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ የምታወጡት ስም ሌላ ይሆናል።